የጎጀብ ዓሣና የትራውት ምኞት

ሳልሞን በወንዝ ተፈልፍሎ በባሕር የሚያድግ፣ ለመራባትም ወደ ተወለደበት ወንዝ የሚመለስ ዓሣ ሲሆን፣ የቅርብ ዘመዱ ትራውት ግን ብዙውን ጊዜ ዕድሜውን በሙሉ በቀዝቃዛ ወንዝና ሐይቅ ያሳልፋል። ሁለቱም ለገበያ ወይም ለዕለት ጉርስ ሳይሆን ለመዝናናት በዘንግና በመንጠቆ የሚያሰግሩ ሰዎች በየአገሩ የሚመኟቸው ዓሦች ናቸው። በከፋ ዞን ባለችው በቦንጋ ከተማ ዙሪያ ግን ሳልሞን ሊኖር አይችልም፤ ከአካባቢው ተራሮች የሚወርዱት ጅረቶች ወደ ጎጀብ ወንዝ፣ ጎጀብ ወደ ኦሞ፣ ኦሞም መውጫ ወደሌለው የቱርካና ሐይቅ ስለሚፈሱ፣ ዓሣው ባሕር ደርሶ የሚመለስበት መንገድ የለም።

ትራውት ግን በኢትዮጵያ አለ። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከኬንያ መጥቶ እንደ ዌብ ባሉ የባሌ ተራሮች ወንዞች ተለቋል፤ በዚያም ሊዘልቅ የቻለው፣ በአካባቢው ያለችው የዲንሾ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በመሆኗ ውኃው ዓመቱን ሙሉ ስለሚቀዘቅዝ ነው። ውኃ በሞቀ መጠን የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ትራውትም ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ይጨነቃል፣ ወደ 25 ሲጠጋ ይሞታል። ቦንጋ በ1,700 ሜትር አካባቢ የምትገኝ ከመሆኗም በላይ የጎጀብ ሸለቆ ከእርሷ ዝቅ ያለና የሞቀ ነው። በዞኑ ደጋማ ክፍል የሚቀዘቅዙ ምንጮች ቢኖሩም እንኳ ትራውት ሊለቀቅባቸው አይገባም፤ ቀስተ ደመናማው ትራውትም ቡናማው ትራውትም፣ ባዕድ ውኃ ውስጥ ሲገቡ ነባር ዓሦችን ስለሚበሉና ስለሚሻሙ፣ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ካወጣው የ100 አስከፊ ወራሪ ዝርያዎች ዝርዝር ውስጥ ሰፍረዋል።

ጎጀብ ደግሞ የራሱ ዓሣ አለው። በሳይንስ ላቤዎባርበስ የሚባለው፣ በጣና አካባቢ ነጭ ዓሣ ተብሎ የሚታወቀው ወገን በኦሞ ተፋሰስም ይኖራል፤ ትልልቅ ቅርፊትና ብርቱ ጅራት ያለው፣ በፈጣን ውኃ የሚዋኝ፣ መንጠቆ ሲይዘው አጥብቆ የሚታገል ዓሣ ነው። የሳልሞንን ጉዞ በሚያስታውስ መንገድም፣ የጣና ነጭ ዓሦች በክረምት ሐይቁን ትተው እንደ ጉማራና ርብ ባሉ ወንዞች ሽቅብ ወጥተው በጠጠር ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። እንቁላሉ የሚተነፍሰው በጠጠሮቹ መካከል በሚያልፍ ንጹሕ ውኃ በመሆኑ፣ ደን ተመንጥሮ ደለል ሲወርድ ይታፈናል። ስለዚህም በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የከፋ ባዮስፌር ሪዘርቭ ደን ለቡና ብቻ ሳይሆን ለዓሣም መጠለያ ነው ማለት ይቻላል፤ ይህ ጥቅሙ ከሚገባው በታች ይነገራል።

ሕጉን በተመለከተ፣ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 የማስገር ሥራን በፈቃድና በቁጥጥር ሥር ያውላል፤ በመርዝና በፈንጂ ማስገርንም ይከለክላል። የመርዙ ክልከላ ከፋን በቅርብ ይነካል፤ ለቡና ጥላ የሚተከለው ብርብራ ፍሬው ሮቴኖን የተባለ ንጥረ ነገር ስለያዘ፣ ተወቅጦ ወደ ውኃ ሲጨመር የዓሣውን ሰውነት ኦክስጅን እንዳይጠቀም ያግደዋልና በኢትዮጵያ ከጥንት ጀምሮ ለማስገሪያ ያገለግላል። ጉዳቱ ትልቁን ከትንሹ አለመለየቱ ነው፤ ጫጩቶቹንም ዓሣ የሚመገባቸውን የነፍሳት ዕጮችም አብሮ ይፈጃል። መንጠቆ ግን አንድ በአንድ ስለሚይዝ ትንሹን ዓሣ በሕይወት መመለስ ያስችላል፤ በተለይ ጫፉ ላይ ወደ ኋላ የዞረው እሾህ በጉጠት ከተደፈጠጠና ዓሣው ከውኃ ሳይወጣ በእርጥብ እጅ ከተፈታ።

የመዝናኛ ማስገር በቦንጋ ሊስፋፋ ቢፈለግ ምቹው ጊዜ ዝናቡ ቀንሶ ውኃው የሚጠራበት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው በጋ ሲሆን፣ ዓሣው በሚራባበት የዝናብ ወቅት ግን ወንዙ ሊዘጋ ይገባል። ጎጀብ ከኦሞ ጋር ከሚገናኝበት ቦታ በታች በኦሞ ላይ የተሠራው፣ ቁመቱ ከ240 ሜትር የሚበልጠው የጊቤ ሦስት ግድብ ከታችኛው ኦሞ ሽቅብ የሚመጣ ዓሣን ስለሚያግድ፣ የላይኛው ውኃ ዓሣ ቢመናመን ከታች የሚተካለት የለም። ጎጀብ የከፋና የጅማ ወሰን እንደመሆኑም፣ በአንዱ ዳር የተዘጋው ወቅት በሌላውም ዳር መዘጋት አለበት።