ጥላ አሳዳጁ መርከብ

ጅቡቲ ከተማ ውስጥ አንድ መርከብ ከአድማስ ብቅ ሲል የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ ምን ጭኗል? ስንዴ፣ ማዳበሪያ፣ ብረት ወይስ ተሽከርካሪ? አብዛኛው የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ዕቃ የሚያልፈው በዚህች ከተማ ወደቦች ስለሆነ ጥያቄው የእኛም የቤት ጥያቄ ነው። ዛሬ የማስተዋውቃችሁ መርከብ ግን የሚራገፍ ጭነት የለውም። ባሕር አቋርጦ የሚሄደው የፀሐይ ግርዶሽ ለሚያመጣው የጥቂት ደቂቃ ጨለማ ነው፤ ጨለማውን አይቶ ይመለሳል።

የግርዶሽ መርከብ ሲባል ለብቻው የተሠራ የመርከብ ዓይነት እንዳይመስላችሁ። ተሳፋሪ የሚያጓጉዝ ተራ መርከብ ነው፤ ልዩነቱ መድረሻው ላይ ነው። ሌላው የመዝናኛ መርከብ ከወደብ ወደብ ይሄዳል። ይኼኛው የሚሄደው ባሕር መካከል ወዳለች፣ ምልክት ወደሌላት ነጥብ ነው። በዚያች ነጥብ ላይ በታወቀች ደቂቃ የጨረቃ ጥላ ያልፋል፤ መርከቡ ከዘገየ ጥላው አይጠብቀውም። እንዲህ ያለው ጉዞ በሰፊው የተጀመረው በሐምሌ 1964 ዓ.ም. ነው። ቴድ ፔዳስና ፊል ሲግለር የተባሉ አሜሪካውያን «ኦሊምፒያ» በተባለች መርከብ መንገደኞችን ከኒውዮርክ አሳፍረው ወደ ሰሜን አትላንቲክ ወሰዱ። ከተሳፋሪዎቹ መካከል ከ3 ዓመት በፊት ጨረቃን የረገጠው ኒል አርምስትሮንግ ነበር። በዓመቱ ደግሞ «ካንቤራ» የተባለችው ትልቅ መርከብ ሌሎች ጥላ ፈላጊዎችን ጭና ወደ ምዕራብ አፍሪካ ዳርቻ መጣች፤ ደራሲው አይዛክ አሲሞቭም አብሮ ነበር።

ለምን በመርከብ? ምክንያቱ ደመና ነው። ሰው ገንዘቡን ከፍሎ፣ ዓመት ጠብቆ፣ ተራራ ላይ ድንኳኑን ተክሎ ሳለ በመጨረሻዋ ሰዓት አንድ ቁራጭ ደመና መጥቶ ፀሐይዋን ቢሸፍንበት ምንም ማድረግ አይችልም። መርከብ ግን ይንቀሳቀሳል። ካፒቴኑ የሳተላይት ምስል እያየ፣ ከአየር ጠባይ ባለሙያዎች ጋር እየተማከረ፣ የጠራ ሰማይ ወዳለበት አቅጣጫውን ይቀይራል። ሰዓቱ ሲቃረብ ፍጥነቱን ቀንሶ የመርከቡን ጎን ወደ ፀሐይ ያዞራል፤ ሁሉም ሰው ከየፎቁ እንዲያይ ነው። ጉድለትም አለው። ባሕር አርፎ አይተኛም፣ መርከቡ ይወዛወዛል፤ ረጅም ሌንስ ይዞ ፎቶ ማንሳት የሚሻ ሰው ከየብስ ይልቅ እዚያ ይቸገራል።

ይህ ሁሉ ድካም ምን ለማየት ነው የሚል ሰው ትክክለኛ ጥያቄ ጠይቋል። ከፊል ግርዶሽ ብዙዎቻችን አይተናል፤ ሙሉው ግን ሌላ ነው። የፀሐይ ስፋት ከጨረቃ ስፋት 400 እጥፍ ያህል ይበልጣል፤ ከእኛ ያላት ርቀትም ከጨረቃ 400 እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ ሁለቱ ሰማይ ላይ እኩል መስለው ይታዩናል። ጨረቃ በፀሐይና በምድር መካከል በትክክል ስትገባ ሁለት ጥላ ትጥላለች። አንዱ ሰፊና ስስ ነው፤ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይሸፍናል፤ በእሱ ሥር ያለ ሰው ፀሐይዋ በከፊል ተገምጣ ያያታል። ሌላው ጥቁርና ጠባብ ነው፤ ስፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ270 ኪሎ ሜትር ሳይበልጥ ምድርን እንደ ቀጭን መቀነት ያቋርጣል። ቀኑ የሚጨልመው፣ ከዋክብት የሚወጡት፣ በጨረቃ ዙሪያ ነጩ የፀሐይ አክሊል የሚዘረጋው በዚህ መቀነት ውስጥ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ከፀሐይ ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ እጅ ቢሸፈን እንኳ የቀረችው አንዲት እጅ ቀኑን ቀን አድርጋ ታቆየዋለች። ብርሃኑ ይደበዝዛል፣ ጥላችን ስል ይሆናል፣ ነፋሱ ቀዝቀዝ ይላል፤ አክሊሉ ግን አይታይም። በከፊልና በሙሉ ግርዶሽ መካከል ያለው ልዩነት የቀንና የሌሊት ልዩነት ነው። ሰዎች ባሕር የሚያቋርጡት ይህችን የመጨረሻ አንዲት እጅ ፍለጋ ነው።

ፍለጋው እስከ ዓለም ጫፍ ያደርሳል። የጥላው መንገድ ሰው የሚኖርበትን ቦታ አይመርጥም። በኅዳር 1996 ዓ.ም. ግርዶሹ የወደቀው አንታርክቲካ ላይ ስለነበር ግርዶሽ ፈላጊዎቹን ያደረሳቸው «ካፒታን ኽሌብኒኮቭ» የተባለው የሩሲያ በረዶ ሰባሪ መርከብ ነው። የነሐሴ 6 ቀን 2018 ዓ.ም. ግርዶሽ ደግሞ መንገዱ ከሰሜን ሳይቤሪያ ተነስቶ በሰሜን ዋልታ አጠገብ ያልፍና በምሥራቅ ግሪንላንድ፣ በምዕራብ አይስላንድ አድርጎ እስፔን ይደርሳል። የአርክቲክ መርከቦች ለዚህ የሚመርጡት ስኮርስቢ ሰንድ የተባለውን የግሪንላንድ ባሕረ ሰላጤ ነው። ተራራዎቹ ነፋስ ይከላከሉለታል፤ ውኃው ላይ ቤት የሚያህል የበረዶ ቋጥኝ ይንሳፈፋል። ወደዚያ የሚገባ መርከብ አካሉ በረዶ እንዲቋቋም ተደርጎ የተጠናከረ ነው፤ ሰውን ወደ ዳርቻ የሚያወጡ የጎማ ጀልባዎችም ይዟል። በዚያ ኬክሮስ ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትቆም የጨለመችው ክብ ከበረዶው ተራራ ብዙም ሳትርቅ ትታያለች። ጨለማው በጠቅላላው ሁለት ደቂቃ ገደማ ነው። ለሁለት ደቂቃ ሳምንት ሙሉ በበረዶ መካከል!

ለጅቡቲ ግን ከዋልታው ግርዶሽ ይልቅ ከዓመት በኋላ የሚከተለው ይቀርባታል፤ ስለዘሩ ልንገራችሁ።

ግርዶሽ ቤተሰብ አለው። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ አንባቢ ጨረቃ በየ19 ዓመቱ ወደ ነበረችበት ቀን እንደምትመለስ፣ አበቅቴም በዚያው ዑደት እንደሚሰላ ያውቃል። ግርዶሽ ሌላ ዑደት አለው፤ ሳሮስ ይባላል፤ 18 ዓመት ከ11 ቀን ከ8 ሰዓት ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ፀሐይ፣ ጨረቃና ምድር ተመሳሳይ አቀማመጥ ይይዙና የቀድሞውን የሚመስል ግርዶሽ ይመጣል። ዳሩ ግን ያቺ የ8 ሰዓት ትርፍ ምድርን ሲሶ ዙር ስለምታዞራት አዲሱ ግርዶሽ ወደ ምዕራብ ርቆ ይወድቃል። ሦስት ጊዜ ሲደጋገም፣ ማለትም ከ54 ዓመት ከአንድ ወር ገደማ በኋላ፣ ወደ ተነሳበት አካባቢ ይመለሳል።

ከእነዚህ ቤተሰቦች አንዱ ለአፍሪካ የተመደበ ይመስላል። ግንቦት 21 ቀን 1911 ዓ.ም.፣ ባቡሩ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ከገባ 2 ዓመት ሲሆነው፣ ጥላው ብራዚልን አቋርጦ በአፍሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ ባለችው በፕሪንሲፔ ደሴት ላይ አለፈ። እንግሊዛዊው አርተር ኤዲንግተን እዚያ ደሴት ላይ በደመና መካከል በግርዶሹ ፀሐይ አጠገብ ያሉትን ከዋክብት ፎቶ አነሳ። ብርሃን በፀሐይ ክብደት እንደሚታጠፍ አንስታይን የተናገረው በዚያ ፎቶና በብራዚል በተነሱት ተረጋገጠ። ከ54 ዓመት በኋላ፣ ሰኔ 23 ቀን 1965 ዓ.ም.፣ ጥላው ተመልሶ ሰሃራን አቋርጦ በሰሜን ኬንያ ቱርካና ሐይቅ በኩል አለፈ። «ካንቤራ» የመጣችው ለዚህ ነበር። በዚያው ቀን የኮንኮርድ አውሮፕላን ከካናሪ ደሴቶች ተነስቶ ከድምፅ በእጥፍ በሚበልጥ ፍጥነት ጥላውን እየተከተለ እስከ ቻድ በረረ፤ መሬት ላይ ከ7 ደቂቃ ብዙም ያልዘለቀውን ጨለማ የተሳፈሩት ተመራማሪዎች 74 ደቂቃ ቆዩበት። ያኔ ጅቡቲ ገና በፈረንሳይ እጅ ነበረች፤ ነጻነቷን ያገኘችው ከ4 ዓመት በኋላ ነው።

አሁን ተራው የሦስተኛው ነው፤ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም.፣ ሰኞ። ጥላው በጅብራልታር ወሽመጥ ገብቶ በሰሜን አፍሪካ ያልፋል፤ በግብፅ ሉክሶር አቅራቢያ 6 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ይቆያል። ከ2001 ዓ.ም. ግርዶሽ በቀር በዚህ በፈረንጆቹ 21ኛ ክፍለ ዘመን ይህን የሚያክል ርዝመት ያለው የለም። ከዚያ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ጅዳንና መካን ያጨልማል፤ በየመን ወርዶ የኤደን ባሕረ ሰላጤን ያቋርጥና በሶማሊያ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ በኩል ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ይወጣል። ጅቡቲ ከተማ ከመቀነቱ ውጭ ናት። የፀሐይዋ ከሦስት አራተኛ የሚበልጠው ክፍል ይሸፈንባታል፤ ጨለማው ግን በስተሰሜን ምሥራቅ በጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት ያልፋታል። ለመርከብ ይህ የአንድ ቀን መንገድ እንኳ አይሞላም።

በሰላም ጊዜ ቢሆን ኖሮ እንግዲህ ጅቡቲ የግርዶሽ መርከቦች መነሻ ለመሆን ምንም የሚጎድላት አልነበረም። ወደብ አላት፤ ለዓሣ ነባሪ ሻርክ የሚመጡ ጎብኚዎችን በየበጋው ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ የማውጣት ልምድም አላት። ይሁን እንጂ ከ2016 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ በመርከቦች ላይ የደረሰው ጥቃት መስመሩን አስፈሪ አድርጎታል። በዚያ ላይ ይህ ባሕር ለእኛ ሌላ ትርጉም አለው። ከኦቦክ ዳርቻ በሌሊት በተጨናነቀ ጀልባ ወደ የመን የሚሻገሩት ወጣቶች አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ ብዙዎቹም ባሕሩ ውስጥ ቀርተዋል። ስለዚህ ማንም ቢሆን ጥላ ለማየት ብሎ በትንሽ ጀልባ ወደዚያ እንዲወጣ አልመክርም። መቀነቱ ውስጥ መግባት ለሚችል ሰው ሉክሶር በየብስ አለች። ላልቻለው ጅቡቲ ከተማ ራሷ መልካም መመልከቻ ናት።

መልካምነቷ ከደጋው ጋር ስትተያይ ይገለጣል። ሐምሌ 26 በኢትዮጵያ ደጋ የክረምቱ እምብርት ነው፤ ሰማይ ቀኑን ሙሉ ሊዘጋ ይችላል። በሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ቀለበታዊው ግርዶሽ በላሊበላ ላይ ሲያልፍም ትልቁ ስጋት ደመና ነበር። ጅቡቲ ላይ በዚያ ወቅት ዝናብ ብርቅ ነው። የሚያሰጋው ሐምሲን ነው፤ ያ ከምዕራብ የሚነሳ ትኩስ ነፋስ አቧራ ይዞ ሰማዩን ያደበዝዛል። አቧራ ግን እንደ ደመና ፀሐይን ፈጽሞ አይጋርድም።

ዓይንን በተመለከተ አንድ ነገር ያለማቅማማት ሊታወቅ ይገባል። በመቀነቱ ውስጥ ያለ ሰው ፀሐይ ሙሉ በሙሉ በተሸፈነችባቸው ደቂቃዎች መነጽሩን አውልቆ ማየት ይችላል። ጅቡቲ ከተማ ውስጥ እንዲህ ያለች ደቂቃ የለችም፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መነጽር አይወልቅም። መነጽሩ አይ.ኤስ.ኦ. 12312-2 የተባለውን ደረጃ ያሟላ የግርዶሽ መነጽር መሆን አለበት። የፀሐይ መነጽር፣ የራጅ ፊልም፣ በጭስ የጠቆረ ጠርሙስ አያድኑም፤ የዓይንን የውስጥ ሽፋን የሚያቃጥለው ብርሃን ሳያሳምም ስለሚገባ ሰው ጉዳቱን የሚያውቀው ከሰዓታት በኋላ ነው። የበያጆች መስታወት ከሆነ ቁጥር 14 የተጻፈበት ብቻ ይሆናል፤ ከዚያ የሳሳውን ማመን አይገባም።

ከሁሉ የሚቀለውና ለልጆች የሚበጀው ደግሞ ፀሐይን ጨርሶ አለማየት ነው። ወንፊት ይዞ ጀርባን ለፀሐይ መስጠት፤ የወንፊቱ ቀዳዳ ሁሉ መሬት ላይ ትንሽ የተገመጠች ፀሐይ ይጥላል። በኒም ዛፍ ሥርም እንዲሁ ነው፤ በቅጠሎቹ መካከል ሾልኮ የሚወርደው ብርሃን በሙሉ ማጭድ ማጭድ ይሆናል።

ሕዝቧ በአብዛኛው ሙስሊም በሆነባት ከተማ ቀኑ የጸሎትም ቀን ነው። ለፀሐይ ግርዶሽ የተለየ ሶላት አለ፤ ሶላተል ኩሱፍ ይባላል፤ ከሌላው የሚለየው በየረከዓው ሁለት ሩኩዕ ስላለው ነው። ነቢዩ ሙሐመድ ልጃቸው ኢብራሂም በሞተበት ቀን ፀሐይ ተጋርዳ ሕዝቡ ለልጁ ሐዘን ነው ሲል፣ ፀሐይና ጨረቃ ለማንም ሞት ወይም ሕይወት እንደማይጋረዱ ማስተማራቸው በሐዲስ ይገኛል። አስትሮኖሚ ለሚያስተምር መምህር ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላውቅለትም።

ግርዶሹ በጅቡቲ ከተማ እኩለ ቀን ጥቂት እንዳለፈ ይጀምራል፤ ከቀኑ 8 ሰዓት አካባቢ ይጠነክራል፤ ወደ 9 ሰዓት ገደማ ይለቃል። ሱቁ የሚዘጋበት፣ ሰው ከሙቀት የሚሸሽበት ሰዓት ነው። ነገር ግን ከተማዋን የሚያውቅ ሰው ያ ሰዓት ሌላም ነገር እንደሆነ ያውቃል፤ ከኢትዮጵያ የመጣው ጫት የሚደርስበት ነው። ሻጮቹ ሴቶች ጠረጴዛቸውን እርጥብ ጆንያ አልብሰው ይጠብቃሉ፤ ገዢው በየመንገዱ ዳር ይቆማል፤ ፔካ ዱዝ በተባለው የከተማዋ ዳርቻ ሰፈር ተራቸውን የሚጠብቁት የጭነት መኪና ሹፌሮቻችንም ከመኪናቸው ጥላ ሥር ይወጣሉ። በሌላው ቀን ዓይን ሁሉ ወደ መንገዱ ነው። ያን ሰኞ ግን፣ በዛፍ ቅጠሎች መካከል ሾልኮ የሚወርደው ብርሃን ጫቱን በሸፈነው ጆንያ ላይ ትንንሽ ማጭዶች ይስላል፤ ቀና ለማለት ሳያስፈልግ።