የወር አበባ መቁጠሪያ አፕ እና የቤታችሁ ምስጢር



ቀደም ሲል እናቶች የወር አበባቸው የታየበትን ቀን የሚይዙት በቃላቸው ወይም በግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት በማድረግ ነበር። ዛሬ በከተማ የሚኖሩ ብዙ ሴቶች ይህን የሚመዘግቡት በእጅ ስልካቸው ላይ በጫኑት አፕ ነው። ቀኑን መመዝገብ መልካም ልማድ ነው። እርግዝና ሲኖር የመውለጃ ጊዜን ለማስላት፣ የወር አበባ ሲዛባ ምክንያቱን ለማወቅ፣ የመከላከያ መርፌ የሚደገምበትን ቀን ላለመርሳት ይረዳል። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አፑን ጣሉት ለማለት አይደለም። በስልኩ ላይ የምታሰፍሩት የቤታችሁ ምስጢር ወዴት ሊሄድ እንደሚችልና እንዴት ልትጠብቁት እንደምትችሉ ለማስረዳት ነው።

አፑ ስለ እናንተ ምን ያውቃል?

አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ አፖች ከወር አበባ ቀን አልፈው ብዙ ይጠይቃሉ። ግንኙነት የተደረገበትን ቀን፣ መከላከያ መወሰዱን፣ የሕመም ስሜትን፣ ልጅ የመውለድ ፍላጎትን፣ አንዳንዶቹም ውርጃ አጋጥሞ እንደሆነ ይጠይቃሉ። ለጎረቤት ቀርቶ ለእህት የማይነገረው ሁሉ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ይቀመጣል ማለት ነው።

መረጃው ወዴት ይሄዳል?

አፑን ያለ ክፍያ ስታገኙ አዘጋጁ ገቢውን በአብዛኛው የሚያገኘው ከማስታወቂያ ነው። አፑ ሲሠራም ሌሎች ኩባንያዎች ያዘጋጇቸው የፕሮግራም ክፍሎች በውስጡ ይገባሉ። እነዚህ ክፍሎች አፑ መቼ እንደተከፈተ፣ የትኛው ነገር እንደተነካ እየተከታተሉ በኢንተርኔት አማካይነት ለባለቤቶቻቸው ይልካሉ። ስማችሁን ባትጽፉም እያንዳንዱ ስልክ ለማስታወቂያ የሚያገለግል የራሱ መለያ ቁጥር አለው። በዚህ ቁጥር አማካይነት በአንዱ አፕ የታወቀው ነገር በሌላው አፕ ከታወቀው ጋር ይገጣጠማል።

በእርግጥ የደረሰ ነገር ነውን?

አዎን። ፍሎ የተባለው አፕ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሰዎች የተጠቀሙበት ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ዎል ስትሪት ጆርናል የተባለው የአሜሪካ ጋዜጣ፣ ሴቶች የወር አበባ ላይ መሆናቸውንና ለማርገዝ ማሰባቸውን በፍሎ ሲመዘግቡ መረጃው ለፌስቡክ እንደሚደርስ አጋለጠ። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽንም ጉዳዩን መርምሮ በ2021 እ.ኤ.አ. ኩባንያው የጤና መረጃን ለሌላ ከማሳለፉ በፊት የተጠቃሚዎችን ፈቃድ እንዲያገኝ አስገድዶታል። ኩባንያው በበኩሉ ጥፋተኛ ነኝ ሳይል ነው ስምምነቱን የፈረመው። በነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ በካሊፎርኒያ የፌዴራል ፍርድ ቤት የተሰየሙ የሕዝብ ዳኞች፣ የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ ከዚሁ አፕ መረጃ በመሰብሰቡ የግዛቲቱን የምስጢር ጥበቃ ሕግ ጥሷል ብለው ወስነዋል።

ፍሎ ብቻውን አይደለም። ፕራይቬሲ ኢንተርናሽናል የተባለው የብሪታንያ ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ ማያ የተባለው አፕ ገና ሲከፈት፣ ተጠቃሚዋ ውሉን ከመስማማቷ በፊት ለፌስቡክ መልእክት ይልክ እንደነበር አሳይቷል። ፕሪሞም የተባለውም በ2023 እ.ኤ.አ. በተመሳሳይ ምክንያት በአሜሪካ የ100,000 ዶላር ቅጣት ተጥሎበታል።

ለእኛስ ምን ጉዳት አለው?

አንዲት ሚስት ማርገዟን ለባሏ እንኳ ሳትነግር በአፑ መዘገበች እንበል። በማግስቱ አማቷ ቪዲዮ ልታይ በተዋሰችው ስልክ ላይ የሕፃን ልብስና የጡጦ ማስታወቂያ ሊደረደር ይችላል። እርግዝናው ከተቋረጠም ማስታወቂያው ወዲያው ላይቆም ስለሚችል ያዘነችውን ሴት ደጋግሞ ያቆስላታል።

ከሩቁ ኩባንያ ይልቅ ቅርብ ያለው ሰው የሚያሳስብበት ጊዜም አለ። ስልክ ለጥገና ይሰጣል፣ ይሸጣል፣ ልጆች ይጫወቱበታል። በውስጡ ያለው የትዳር ገመና ግን ሳይጠፋ አብሮ ይሄዳል።

እንዴት እንጠብቀው?

1. አፑን ከመጫናችሁ በፊት አካውንት ሳይከፈትና ኢንተርኔት ተዘግቶ የሚሠራ መሆኑን አጣሩ። መረጃውን በስልኩ ውስጥ ብቻ የሚያስቀምጥ አፕ የተሻለ ነው።

2. የማያስፈልገውን ፈቃድ ከልክሉ። ቀን ለመቁጠር ያላችሁበትን ቦታ፣ የስልክ ቁጥር መዝገባችሁን ወይም ማይክሮፎን ማወቅ አያስፈልግም። የሰጣችሁትን ፈቃድ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ማንሳት ትችላላችሁ።

3. የማስታወቂያ መለያ ቁጥሩን አጥፉ። በአዳዲስ አንድሮይድ ስልኮች ሴቲንግ ውስጥ ፕራይቬሲ፣ ከዚያም አድስ በሚለው ስር ይገኛል። በአይፎን ላይ አፑ እናንተን ለመከታተል ፈቃድ ሲጠይቅ እምቢ በሉ።

4. በፌስቡክ ወይም በጉግል አካውንታችሁ አትግቡ። እውነተኛ ስማችሁንና የልደት ቀናችሁንም መስጠት ግዴታ አይደለም።

5. አፑን መጠቀም ስታቆሙ በመጀመሪያ አካውንታችሁን በአፑ ውስጥ እንዲሰረዝ አድርጉ፤ ከዚያ አፑን ከስልኩ አውጡ። አፑን ብቻ ብታወጡ ኩባንያው ዘንድ የተቀመጠው መዝገብ አይጠፋም።

6. ስልኩን ለጥገና ከመስጠታችሁ በፊት አፑን አውጡ፤ ስትሸጡ ደግሞ በውስጡ ያለውን ሁሉ ሙሉ በሙሉ አጥፉ።

7. ወረቀት ዛሬም ይሠራል። እናንተ ብቻ በምታውቁት ምልክት በትንሽ ደብተር መያዝ ይቻላል። በእኛ አቆጣጠር ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ስሌቱ ቀላል ነው፤ የጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀናት መቁጠር ግን እንዳትረሱ።

ባልና ሚስት ተነጋገሩ

የወር አበባን ቀን ባልም ቢያውቀው ለቤተሰብ ምጣኔ ይጠቅማል። ነገር ግን ማወቅ ያለበት ሚስቱ ስትነግረው እንጂ ስልኳን በመበርበር አይደለም። የትኛው መረጃ በማን ስልክ እንደሚያዝ፣ ማን ሊያየው እንደሚችል ሁለታችሁም በመስማማት ወስኑ።

አፑ «ዛሬ አትፀንሺም» ቢልም መከላከያ ነው ብላችሁ አትመኑበት። እንቁላል የሚወጣው በአብዛኛው ቀጣዩ የወር አበባ ከመምጣቱ 14 ቀን ገደማ አስቀድሞ ነው፤ የወንድ ዘር ደግሞ በማኅፀን ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል። የወር አበባ አንዱን ወር ቀድሞ ሌላውን ወር ከዘገየ የአፑ ግምት ይሳሳታል። በተለይ ጡት የምታጠባ እናትና መርፌ በቅርቡ ያቆመች ሴት ሊተማመኑበት አይገባም።

ሕጉ ምን ይላል?

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን ይደነግጋል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚያስፈልጋቸው ውስጥ መድቦታል። ይሁንና መረጃው ባሕር ተሻግሮ ከሄደ በኋላ ማስመለስ አስቸጋሪ ስለሆነ አስቀድሞ መጠንቀቅ ይሻላል።

በክሊኒክ የምትነግሩንን ምስጢር መጠበቅ የሙያ ግዴታችን ነው። በስልካችሁ ያለውን የመጠበቁ ሥራ ግን በአብዛኛው በእናንተ እጅ ነው። የአፑን ቅንብር ማስተካከል ካልተሳካላችሁ ወይም የትኛው መከላከያ እንደሚስማማችሁ ማወቅ ከፈለጋችሁ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮአችሁ ሁለታችሁም አብራችሁ መጥታችሁ ጠይቁን።