ከቀዶ ሕክምናው በኋላ፦ ነርቭ ያልደረሰበት አንጀት

የታመመ የአካል ክፍል በቀዶ ሕክምና ተቆርጦ ሲወጣ ብዙዎቻችን ታሪኩ በዚያው የተቋጨ ይመስለናል። ሂርሽስፕሩንግ የተባለው፣ አብሮ የሚወለድ የአንጀት ሕመም ግን ከዚህ የተለየ ትምህርት ይሰጠናል።

ሕመሙ ስያሜውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1886 ስለ ሁለት ሕፃናት ገለጻ ካቀረበው የኮፐንሀገን የሕፃናት ሐኪም፣ ከሃራልድ ሂርሽስፕሩንግ ነው። በግምት ከ5000 ሕፃናት በአንዱ ላይ ይከሰታል። በፅንስነት ወቅት የአንጀትን እንቅስቃሴ የሚመሩት የነርቭ ሕዋሳት ከላይ ወደ ታች ሲጓዙ፣ መጨረሻው ላይ ሳይደርሱ ይቀራሉ። ነርቭ ያልደረሰበት ክፍል እንደተኮማተረ ስለሚቀር ሰገራ ከበላዩ ይጠራቀማል፤ የላይኛው አንጀትም ይለጠጣል።

ነገሩን በፊዚክስ ዓይን እንመልከተው። አንጀት ከኋላ እየተጨመቀ፣ ከፊት እየላላ፣ በግፊት ልዩነት ይዘቱን ወደፊት የሚያስኬድ ቱቦ ነው። በላፕላስ ሕግ መሠረት የቱቦው ሬዲየስ ሲጨምር፣ ያው የግድግዳ ውጥረት የሚፈጥረው ግፊት ያንሳል። የተለጠጠ አንጀት ይዘቱን ለመግፋት የሚቸገረው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1948 ኦርቫር ስዌንሰን ይፋ ያደረገው ቀዶ ሕክምና ነርቭ አልባውን ክፍል ቆርጦ በማውጣት ጤናማውን ወደ ታች ስቦ ከፊንጢጣ አጠገብ ያገናኛል። ይህ የብዙዎችን ሕይወት ታድጓል። ይሁን እንጂ በመውጫው ላይ ያለው ውስጠኛው ቀለበት መሰል ጡንቻ ከነጉድለቱ ይቀራል። በጤናማ ሰው ሰገራ ሲደርስ ይህ ጡንቻ በራሱ ይላላል፤ በእነዚህ ሕሙማን ግን አይላላም።

ስለዚህ ከዓመታት በኋላም አንዳንዶች በሆድ ድርቀት ይቸገራሉ፤ አንዳንዶች ደግሞ ሰገራ ያመልጣቸዋል። እዚህ ላይ ማስተዋል ያስፈልጋል፤ ተመሳሳይ የሚመስለው ማምለጥ ተቃራኒ መንስኤዎች አሉት። አንደኛው አንጀቱ ይዘቱን በፍጥነት ሲያወርድና መቆጣጠር ሲያቅት ነው። ሌላው ደረቅ ሰገራ ተከማችቶ ቀጭኑ በጎኑ ሲያፈተልክ ነው። ለመጀመሪያው የሚሰጥ ማድረቂያ መድኃኒት ሁለተኛውን ያባብሳል። መንስኤውን መለየት የሚገባው ሐኪም በምርመራ እንጂ ሕመምተኛው በግምት አይደለም።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላም የአንጀት ብግነት ሊከሰት ይችላል። ሆድ መነፋት፣ ትኩሳትና ክፉ ጠረን ያለው ተቅማጥ በአንድነት ከታዩ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ የግድ ነው።

ደስ የሚያሰኘው፣ የብዙዎች ሁኔታ ዕድሜያቸው እየገፋ ሲሄድ ይሻሻላል፤ ተምረው፣ ሠርተው፣ ቤተሰብ መሥርተው ይኖራሉ። አስጊው ወቅት ወጣቱ ከሕፃናት ሐኪሙ ክትትልና ከወላጆቹ ቤት ወጥቶ፣ የጋራ መጸዳጃ ቤት ወዳለው የተማሪዎች ማደሪያ ሲገባ ነው። ያን ጊዜ እፍረት ዝምታን ይወልዳል፤ ዝምታም ሊታከም የሚችለውን ችግር ያከብደዋል። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። በመካከላችን እንዲህ ያለ ወንድም ወይም እኅት ቢኖር፣ ከሳቅ ይልቅ ማስተዋልን ልናስቀድም ይገባናል።