የሽል ዝውውርን ስኬት የሚወስኑ ነገሮች



በቤተ ሙከራ ከተዳቀለ እንቁላል የመጀመሪያዋ ሕፃን በእንግሊዝ አገር የተወለደችው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1978 ነበር። ዛሬ ሕክምናው በአዲስ አበባ፣ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ጭምር ይሰጣል። ይሁን እንጂ ወደ ማህፀን የተዛወረ ሽል ሁሉ እርግዝና ሆኖ አይቀጥልም። ሳይሳካ ሲቀር «ምን አድርጋ ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ በሴቲቱ ላይ ያነጣጥራል። ጥያቄው የተሳሳተበትን ምክንያት ለመረዳት ውጤቱን የሚወስኑትን ነገሮች በቅደም ተከተል እንመልከት።

ቀዳሚው የሽሉ ጤንነት ነው። ሴት እንቁላሎቿን ይዛ ትወለዳለች፤ ዕድሜዋ ሲገፋ፣ በተለይም ከ35 ዓመት በኋላ፣ የክሮሞሶም ቁጥራቸው የተዛባ እንቁላሎች እየበዙ ይሄዳሉ። ከእነዚህ የሚገኝ ሽል በአብዛኛው ከማህፀን ጋር አይጣበቅም፤ ቢጣበቅም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይቋረጣል። ዕድሜዋ ከ40 ያለፈ ሴት ከወጣት ለጋሽ በተገኘ እንቁላል ስትታከም ግን የስኬት ዕድሏ የሚቀርበው ለለጋሿ ዕድሜ ነው። ከዚህም ከማህፀኑ ዕድሜ ይልቅ የእንቁላሉ ዕድሜ እንደሚያመዝን እንረዳለን።

ሁለተኛው የማህፀን ዝግጁነት ነው። የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን ሽልን የሚቀበለው በአንድ የወር አበባ ዑደት ውስጥ ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው። በመሆኑም የ5 ቀን ሽል የሚዛወረው ሽፋኑ ለፕሮጄስትሮን የተጋለጠባቸው ቀናት ተቆጥረው ነው። ሽፋኑ ከ7 ሚሊሜትር በታች ሲሳሳ ዕድሉ ይቀንሳል። በኢንፌክሽን ተዘግቶ ፈሳሽ የቋጠረ የማህፀን ቱቦም ፈሳሹ ወደ ማህፀን እየገባ ዕድሉን በእጅጉ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከዝውውሩ በፊት ቱቦውን በቀዶ ሕክምና ማውጣት ወይም ከማህፀን መለየት ይመከራል።

ሦስተኛው የሐኪሙ ሙያ ነው። በአልትራሳውንድ እየታዩ፣ ለስላሳ ካቴተር ተጠቅሞ የማህፀኑን ጫፍ ሳይነኩ ሽሉን ማኖር ውጤቱን ያሻሽላል። በአንድ ጊዜ ሁለት ሽል ማዛወር መንታ እርግዝናንና ያለጊዜው መውለድን ስለሚያበዛ ጥሩ ሽል ሲገኝ አንድ ብቻ ማዛወር ይመረጣል።

ከዝውውሩ በኋላ ስለሚደረግ ዕረፍትስ? በዕጣ ምደባ የተካሄዱ ጥናቶች እንዳሳዩት አልጋ ላይ መዋል ዕድሉን አይጨምርም። የማህፀን የፊትና የኋላ ግድግዳዎች ተደጋግፈው የሚገኙ በመሆናቸው ሽሉ ሴቲቱ ስለቆመች ወይም ስለተራመደች አይወድቅም። ማጨስን ማቆምና የሰውነት ክብደትን ማስተካከል የሚጠቅሙት አስቀድሞ፣ ለባልም ለሚስትም ሲደረጉ ነው።

እንግዲህ የውጤቱ አብዛኛው ክፍል ከዝውውሩ ዕለት በፊት ተወስኖ ያድራል። ጥንዶቹ ገንዘባቸውንና ተስፋቸውን ከማውጣታቸው በፊት ይህን በግልጽ መንገር የሐኪም ግዴታ ነው። ሳይሳካ ሲቀርም ምርመራው ወደ ሽሉ፣ ወደ ማህፀኑና ወደ አሠራሩ ይመለስ እንጂ ደረጃ ወጣች፣ ውኃ ቀዳች ተብሎ ሴቲቱ አትወቀስ።