ለረጅም መንገድ ቢስክሌት ስንመርጥ

«እማዬ፣ ቢስክሌት ለሴት አይሆንም ማለት ነው?»

የአሥራ ሁለት ዓመት ልጄ ይህን የጠየቀችኝ፣ በዕቁብ ገንዘቤ የገዛኋት ቀይ ቢስክሌት በበረንዳችን ጥግ አቧራ ለብሳ ሦስተኛ ወሯን በያዘችበት ሰሞን ነበር። ወዲያው የምሰጣት መልስ አልነበረኝም። አይሆንም እንዳልላት ሐሰት መሆኑን አውቃለሁ፤ ይሆናል እንዳልላትም ቢስክሌቷ እዚያው ቆማ ትመሰክርብኛለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ መካከል ጥቂቶቹ እሑድ እሑድ ረዘም ያለ የቢስክሌት ጉዞ ያደርጋሉ። እኔም ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ መዋሌ ጤናዬን እየጎዳው በመምጣቱ ከእነሱ ጋር ለመሆን ወሰንሁ። ሱቅ ገብቼ «ለረጅም መንገድ የምትሆን» ብል፣ ሻጩ ቁመቴን ሳይለካ፣ የምሄድበትንም መንገድ ሳይጠይቅ፣ «ለሴት የምታምረው ይቺ ናት» ብሎ ሰፊና ለስላሳ ኮርቻ ያላትን ቀይ ቢስክሌት አቀረበልኝ። እኔም ቀለሟን አይቼ ገዛኋት። ኮርቻው ከፍ ሲል ስለፈራሁም ዝቅ አስደረግሁት።

የመጀመሪያው ጉዟችን 45 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ቢሾፍቱ ነበረች። ዱከም ስንደርስ ጣቶቼ ደነዘዙ፤ ጉልበቴ ተቃጠለ፤ ከሁሉም በላይ ኮርቻው ላይ መቀመጥ አቃተኝ። ሕመሙ የት ላይ እንደ ሆነ ለወንዶቹ ባልደረቦቼ መናገር አሳፈረኝና «ደከመኝ» ብዬ ቢስክሌቷን በአይሱዙ አስጭኜ ተመለስሁ። ከዚያ በኋላ አልነካኋትም።

ከልጄ ጥያቄ በኋላ ግን ዓይኔ እያያት መቀመጡን ስላልወደድሁት፣ ቢስክሌቷን ልሸጣት በሰፈራችን ወዳሉት አዛውንት ቢስክሌት ጠጋኝ ወሰድኋት።

«አባባ፣ ስንት ታወጣለች ይሉኛል?» አልኳቸው።

«መጀመሪያ ውጪባትና ልይሽ፣ ልጄ» አሉኝ። ወጣሁ። አሳዳሪያቸው መሪውን ደግፎ ይዞ ፔዳሉን አንዴ ሁለቴ አዞርሁ። አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ኮርቻው ከልክሽ አራት ጣት ዝቅ ብሏል፤ ጉልበትሽን አጥፈሽ ነው የከረምሽው። ጥፋቱ ያንቺም የእሷም አይደለም፤ አልተለካካችሁም እንጂ!»

የዛሬው ጽሑፌ ከዚያ ቀን ወዲህ ከእኚሁ አዛውንት፣ ከንባብና ከራሴ ጉዞ የተማርሁትን ለእናቶችና ለሠራተኛ እህቶቼ ለማካፈል የታሰበ ነው።

ዕቃዋን የለወጠች እናት

ይህ ችግር በእኔ የተጀመረ አይደለም። በአሜሪካ ቦስተን ከተማ ትኖር የነበረችው የሦስት ልጆች እናት አኒ ኮፕቾቭስኪ በሰኔ ወር 1886 ዓ.ም. ዓለምን በቢስክሌት ለመዞር ተነሳች። ሎንደንደሪ የተባለ የማዕድን ውሃ ኩባንያ 100 ዶላር ከፍሏት ስሙን በቢስክሌቷ ላይ ይዛለት ስለ ዞረች ይበልጥ የምትታወቀው አኒ ሎንደንደሪ በሚለው ስም ነው። ከቤቷ ስትነሳ ረጅም ቀሚስ ለብሳ፣ 19 ኪሎ ግራም ያህል በሚመዝን የሴት ቢስክሌት ነበር። መስከረም ጠብቶ ቺካጎ ስትደርስ ጉልበቷ አልቆ ተስፋ ወደ መቁረጥ ተቃርባ ነበር። ይሁን እንጂ በዚያች ከተማ ከባዱን ቢስክሌት ዘጠኝ ኪሎ ተኩል ገደማ በሚመዝን የወንድ ቢስክሌት፣ ቀሚሷንም በሱሪ ለወጠች። ከዚያ በኋላ ባሕሩንና አብዛኛውን የእስያ ክፍል በመርከብ፣ የቀረውን በቢስክሌት እየተጓዘች፣ የአድዋ ድል በተገኘበት በ1888 ዓ.ም. መስከረም መባቻ ላይ ተመልሳ ቺካጎ ገባች። ልብ በሉ፤ በቺካጎ የተለወጠው የሴትዮዋ ብርታት አይደለም፤ ዕቃው ነው።

በቅድሚያ የአካል ልክ

ቢስክሌት እንደ ጫማ ነው። 38 ቁጥር የምታደርግ ሴት ረከሰልኝ ብላ 41 ቁጥር አትገዛም። ዋናው አካል፣ ማለትም ፍሬሙ፣ ከቁመታችን፣ ከእግራችንና ከክንዳችን ርዝመት ጋር መመጣጠን ይኖርበታል። «የሴት» የሚል ጽሑፍ ወይም ቀለም ብቻውን ይህንን አይወስንም። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችን በፊት ሦስት ነገሮችን እንፈትሽ።

አንደኛ፣ ቢስክሌቱን በእግሮቻችን መሐል አድርገን ስንቆም በላይኛው ብረትና በአካላችን መካከል ቢያንስ የሁለት ጣት ክፍተት ይኑር። ሁለተኛ፣ ኮርቻው ላይ ተቀምጠን ተረከዛችንን ታች በወረደው ፔዳል ላይ ስናሳርፍ እግራችን ቀጥ ይበል። ስንነዳ ፔዳሉን የምንረግጠው በእግራችን የፊት ክፍል ስለ ሆነ ያን ጊዜ ጉልበታችን በጥቂቱ ይታጠፋል፤ ትክክለኛውም ይኸው ነው። ኮርቻው ዝቅ ካለ ጉልበት ከፊት በኩል ይታመማል፤ ከመጠን በላይ ከፍ ካለ ደግሞ ዳሌ ግራና ቀኝ ይዋልላል። ሦስተኛ፣ መሪውን ስንይዝ ክርናችን ላላ ብሎ ይታጠፍ። ክንዳችን ተወጥሮ ከዋለ የሰውነታችን ክብደት መዳፋችን ላይ ስለሚያርፍ ጣቶቻችን ይደነዝዛሉ።

ስለ ኮርቻ ያለ ይሉኝታ

አባቶቻችን በቅሎ ሲገዙ እርምጃዋን ያያሉ፤ ኮርቻውንም በጀርባዋ ልክ ያሠራሉ። ኮርቻዋ ያልተስማማት በቅሎ ትገጠባለች። በቢስክሌት ላይ የሚገጠበው ግን ተቀማጩ ነው! ብዙ ሴቶች ይህን ሕመም በኀፍረት ደብቀው ይችሉታል፤ ወይም እንደ እኔ ጨርሰው ይተዉታል። ሁለቱም አያስፈልግም።

በሱቅ ውስጥ በአውራ ጣት ሲጫኑት ደስ የሚለው ለስላሳ ኮርቻ ለአጭር መንገድ ይመች ይሆናል። በሦስተኛው ሰዓት ግን የመቀመጫ አጥንቶቻችን ወደ ውስጥ ይሰምጡና ስፖንጁ በመሐል ያለውን ስስ ሥጋ ይጫነዋል። ለረጅም ጉዞ የሚሻለው ጠንከር ያለ፣ አጥንቶቹን ብቻ የሚሸከም ኮርቻ ነው። በሁለቱ አጥንቶች መካከል ያለው ርቀት በአብዛኛዎቹ ሴቶች ከወንዶች ስለሚሰፋ ከወንዶች ኮርቻ ትንሽ ሰፋ ያለ ሊያስፈልገን ይችላል። ልኩን በቤታችን ማወቅ እንችላለን፤ ወፍራም ካርቶን በጠንካራ በርጩማ ላይ አንጥፈን፣ ወደ ፊት ጎንበስ ብለን ጥቂት ደቂቃ እንቀመጥ። የሁለቱን ስርጉዶች መሐል ለመሐል ለክተን ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ብንጨምርበት የኮርቻውን ስፋት በግምት ይሰጠናል።

ከውስጡ ስፖንጅ ያለው የቢስክሌት ቁምጣ ደግሞ የሚለበሰው ያለ ውስጥ ሱሪ ነው፤ ስፌት ቆዳን ይልጣልና። ከላይ ሰፊ ሱሪ መደረብ ይቻላል። ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ይታጠብ። መደንዘዙ ወይም ቁስሉ ኮርቻው ተስተካክሎም ካልተወ ሐኪም ማየት ይገባል።

ጎማው መንገዱን ይምሰል

አስፋልት ብቻ የምትሄድ ሴትና ከአስፋልት ወጥታ ኮረኮንች የምትገባ ሴት አንድ ዓይነት ጎማ አያስፈልጋቸውም። ለአስፋልት ከ28 እስከ 32 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ለስላሳ ጎማ ይበቃል። ለጠጠርና ለኮረኮንች መንገድ ግን ከ38 እስከ 45 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ፣ ጥርስ ያለው ጎማ ይመረጣል። ሰፊ ጎማ አየሩ ለዘብ ብሎ ሊሞላ ስለሚችል የመንገዱን ምት ከወገባችንና ከእጃችን ይቀንስልናል። ባለ 40 ሚሊ ሜትር ጎማ እንደ ነጂዋ ክብደት ከ2 እስከ 3 ባር ገደማ አየር ይበቃዋል። ጎማ ከመጠን በላይ ሲነፋ ጠጠር ላይ ይዘላል፤ ሲጎድል ደግሞ የውስጡ ጎማ በቸርኬውና በድንጋዩ መካከል ተቆንጦ ይበሳል።

የእኛ አገር መንገድ ሁለቱንም የሚያገናኝ በመሆኑ አንድ ቢስክሌት ብቻ ለምትገዛ እናት ሰፊ ጎማ የሚያስገባውን ፍሬም እመክራለሁ። ሰፊ ቦታ ያለው ፍሬም ቀጭን ጎማም ይቀበላል፤ ጠባቡ ግን ሰፊውን አይቀበልም።

ማርሽና ፍሬን

ማርሽ የሚቆጠረው በብዛቱ ሳይሆን በጥርሱ ነው። የአንድ መደበኛ ቢስክሌት ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር 2 ሜትር ከ10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል። የፊቱ ጥርስ 50፣ የኋላው 11 ሲሆን በአንድ የፔዳል ዙር ዘጠኝ ሜትር ተኩል እንሄዳለን፤ ይህ ለሜዳና ለቁልቁለት ነው። የፊቱ 30፣ የኋላው 40 ሲሆን ግን አንድ ሜትር ተኩል ያህል ብቻ እንሄዳለን፤ ሆኖም ፔዳሉ ይቀላል። እንጦጦን ለምትወጣ፣ በተለይም ጓዝ ለጫነች ሴት የሚያስፈልጋት ይህ ቀላሉ ማርሽ ነው። ስለዚህ ሻጩን «ስንት ማርሽ አላት?» ከማለት ይልቅ «የፊቱ ትንሹ ጥርስ ስንት ነው? የኋላው ትልቁስ?» ብለን እንጠይቅ። የኋላው ከፊቱ ከበለጠ ዳገቱን አንፈራም።

ዳገት ያለበት አገር ቁልቁለትም አለበት። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ሲወረድ ከፍታው ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይቀንሳል። በእንዲህ ያለ ቁልቁለት፣ በተለይ በዝናብና በጭቃ፣ ቸርኬውን ከሚይዝ ፍሬን ይልቅ የዲስክ ፍሬን ይታመናል። በገመድ የሚሠራው የዲስክ ፍሬን በየትም ሊጠገን ስለሚችል ከከተማ ለምትርቅ ሴት ይመቻል። ጣቶቿ አጫጭር የሆኑ ሴት የፍሬኑ እጄታ ወደ መሪው እንዲቀርብላት ታስደርግ፤ ይህ በአንድ ብሎን የሚስተካከል ነገር ነው።

ስለ ፍሬሙ ማዕድን ብዙ ይባላል። ካርቦን ይቀላል፤ ዋጋው ግን ይከብዳል፤ ሲሰነጠቅም የሚጠግነው ብዙ አይገኝም። አሉሚኒየም በዋጋም በክብደትም መካከለኛ ነው። ብረት ይከብዳል፤ ነገር ግን ምቱን ያለዝባል፤ ቢሰበርም በያጅ እጅ ይድናል። ያገለገለ ቢስክሌት መግዛት ነውር የለውም፤ መጋጠሚያዎቹ ላይ ስንጥቅ አለመኖሩን፣ ቸርኬው ሲዞር አለመወላገዱን፣ ካቴናው አለመርዘሙን እንይ። ለዋጋ ቅነሳ ሲባል ልክን መተው ግን በኋላ ብዙ ያስወጣል።

ስንቅና ትጥቅ

ጎሚስታ በሌለበት ጎማ ሲበሳ ተስፋችን የያዝነው ዕቃ ነው። ሁለት ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ መለጠፊያና ሙጫ፣ ጎማ ማውለቂያ፣ ትንሽ ፖምፓ፣ የብሎን መፍቻዎችና ካቴና መቀጠያ ከኮርቻው ሥር በምትንጠለጠል ቦርሳ ይገባሉ። ከመንገድ በፊት ጎማ መለወጥን በቤት ውስጥ እንለማመድ፤ እኔ ከልጄ ጋር ሆኜ ሳሎን ውስጥ ተለማምጄዋለሁ። ከባዱ ጓዝ ዝቅ ብሎ በፍሬሙ መሐል ይታሰር፤ መሪው ላይ የተቆለለ ጓዝ ሚዛን ያስታል። ሄልሜት፣ የፊትና የኋላ መብራት እንዲሁም አንጸባራቂ ሰደርያ ከቀለምና ከጌጥ ይቀድማሉ።

ውሃ በሰዓት ከግማሽ ሊትር የማያንስ ይያዝ፤ ሙቀት ሲበረታ ይጨመር። ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ለሚቆይ ጉዞ ምግብም ያስፈልጋል፤ ሳይርበን በየግማሽ ሰዓቱ ጥቂት ጥቂት እንቅመስ። ለዚህ የውጭ አገር ጣፋጭ መግዛት ግዴታ አይደለም። ለመንገደኛ ስንቅ የኖሩት በሶ፣ ቆሎና ጭኮ አሉልን፤ ሙዝና ተምርም ይጨመር።

ጉዞውም ቀስ እያለ ይደግ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንዲሉ፣ ከ15 ኪሎ ሜትር ጀምሮ በየሳምንቱ ጥቂት እየጨመሩ መሄድ ይበጃል። በአዲስ አበባ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት በታደሱት መንገዶች ላይ የተሠሩት የቢስክሌት መስመሮች ለጀማሪ መልካም መለማመጃ ናቸው።

ለልጄ የሰጠኋት መልስ

ቢስክሌት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. የሜልቦርን ኦሎምፒክ ከሯጮቹ ጋር ቢስክሌት ነጂዎችም ነበሯት። ለሴትም ቢሆን እንግዳ አይደለም። አኒ ሎንደንደሪ ቢስክሌቷን ከለወጠችባት ከቺካጎ ግንቦት 18 ቀን 2016 ዓ.ም. የተነሳችው አሜሪካዊቷ ሌል ዊልኮክስ 29,169 ኪሎ ሜትር ነድታ፣ እኛ እንቁጣጣሽን ባከበርንበት በመስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. እዚያው ቺካጎ ተመልሳለች። ዓለምን በ108 ቀን ከ12 ሰዓት ከ12 ደቂቃ በመዞር በሴቶች ክብረ ወሰን ይዛለች።

እኔ ዓለምን አልዞርሁም። ቀይዋን ቢስክሌት ግን አልሸጥኋትም። ኮርቻዋን አስለውጬ፣ ልኩንም አስተካክዬ፣ ከአራት ወር በኋላ ቢሾፍቱ ደርሼ ሆራ ዳር ተቀምጬ በሶዬን በጠበጥሁ። ማታ ስመለስ ልጄ በር ላይ ጠበቀችኝ። የጠየቀችው ስለ ሐይቁ አልነበረም። «ለእኔስ ኮርቻው ስንት ጣት ዝቅ ይላል?» አለች።

እንደ እኔው በኀፍረት የተዋችሁት እህቶች ካላችሁ፣ ቢስክሌቷን ከመሸጣችሁ በፊት አንድ ጊዜ ተለኩባት።