የሞተ ከብት፣ ጥንብ አንሣና የነፋስ ኃይል ማመንጫ

እንደሚታወቀው የነፋስ ኃይል ነዳጅ ሳይፈጅ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። በአዳማ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2012 እና በ2015 ሥራ የጀመሩት ሁለት ጣቢያዎች በድምሩ 136 ተርባይኖች አሏቸው። ይሁን እንጂ ስምጥ ሸለቆ ከአውሮፓና ከእስያ ወቅት እየጠበቁ የሚመላለሱ ሽመላዎች፣ ንስሮችና ጭልፊቶች መተላለፊያ ነው። ተርባይን የሚተከለው ነፋስ በሚበረታበት ተረተር ላይ ሲሆን፣ ትልልቅ ወፎችም የሚያንዣብቡት በዚያው ነፋስ ነው።

የተርባይን ክንፍ ከሩቅ ሲታይ ዝግ ያለ ይመስላል፤ ጫፉ ግን በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ሊፈጥን ይችላል። ጥንብ አንሣ ምግብ ሲፈልግ አቀርቅሮ ምድርን ስለሚቃኝ ከፊቱ ያለውን አያይም። በዓመት የሚጥለውም አብዛኛውን ጊዜ አንድ እንቁላል ብቻ ስለሆነ የሞተው ቶሎ አይተካም። ጥንብ አንሣ ሲጠፋ ጥንቡ ለባዘኑ ውሾች ይተርፋል፤ ውሾች ሲበዙም የእብድ ውሻ በሽታ ያሰጋል።

ስለዚህ በጣቢያዎች አካባቢ ያሉ ማኅበራት የሚከተለውን እንዲፈጽሙ እንመክራለን።

1. የሞተ ከብት በተርባይኖች አጠገብ አይጣል።

2. በበሽታ ወይም ባልታወቀ ምክንያት የሞተ ከብት አባ ሰንጋ ሊሆን ስለሚችል፣ ሳይገፈፍና ሳይከፈት ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ይነገር፤ በትእዛዙም መሠረት ይወገድ።

3. በአደጋ የሞተ ከብት ማኅበሩ ከተርባይን፣ ከኤሌክትሪክ መስመርና ከውኃ አርቆ በመረጠው ቦታ ይጣል። በዚህ ዓይነት ወፎቹ ምግባቸውን አያጡም።

4. ጅብ ወይም ውሻ ለመግደል ተብሎ ጥንብ አይመረዝ፤ ጥንብ አንሣዎችን በጅምላ ይፈጃል።

5. የእህል ክምርና አውድማ ከተርባይን ሥር ይራቅ። አይጥ ባለበት ጭልፊት ይመጣል።

6. የሞተ ወፍ ሲገኝ በእጅ ሳይነካ ቀኑና ቦታው ተመዝግቦ ለጣቢያው ይነገር።

አዲስ ጣቢያ ሊተከል ሲጠና የልማት ሠራተኛው ወፎች የሚያድሩበትንና ጎጆ የሚሠሩበትን ገደል ከነዋሪው ጠይቆ ለአጥኚዎች ያሳውቅ። ሥራ በጀመረ ጣቢያም መፍትሔ አለ፤ በግብፅ፣ በስዊዝ ባሕረ ሰላጤ፣ የወፍ መንጋ ሲቃረብ ተርባይኖች ለጊዜው እንዲቆሙ ይደረጋል። ከሁሉ የሚቀለው ግን ቦታን አስቀድሞ መምረጥ ነው፤ የተተከለ ተርባይን በቀላሉ አይነቀልምና።