ሥራ የፈታ ሰርቨር ስንት ዋት ይበላል?

በአዲስ አበባ ልደታ፣ በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤቱ ዙሪያ፣ የጠበቃ ቢሮና የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ጎን ለጎን ይሠራሉ፤ የድሮው መንደር ፈርሶ በተተካው ኮንዶሚኒየም ውስጥም መኖሪያውን ቢሮ ያደረገ ሰው አይጠፋም። እንዲህ ባለ ሰፈር የክስ ፋይል፣ የሒሳብ ሰነድ፣ የካሜራ ቅጂና የቤተሰብ ፎቶ በአንድ ቦታ ይዞ ሌት ተቀን የሚያገለግል አነስተኛ ሰርቨር ቅንጦት አይደለም። ብዙውን ጊዜም ያው ከቢሮ ወጥቶ የተሸጠ አሮጌ ዴስክቶፕ ነው። ሲገዛ የሚጠየቀው ፍጥነቱና ሚሞሪው ነው፤ ሥራ በሌለው ሰዓት ስንት ዋት እንደሚወስድ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በእኔ እምነት ግን መቅደም ያለበት ይህ ጥያቄ ነው። የቤት ሰርቨር አብዛኛውን ዕድሜውን የሚያሳልፈው ፋይል የሚጠይቀውን ሰው በመጠበቅ ስለሆነ፣ ወጪውንም ሆነ መብራት ሲጠፋ የሚቆይበትን ጊዜ በዋናነት የሚወስነው ይኸው የመጠበቂያ ሰዓት ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። ሳይሠራ 60 ዋት የሚወስድ ዴስክቶፕ በ30 ቀን 43.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ያስቆጥራል፤ በ15 ዋት የሚያድር ትንሽ ማሽን ግን 10.8 ብቻ። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን የተሠራ ሲሆን ርካሹ እርከን በወር 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ላይ ያበቃል። ስለዚህ የመጀመሪያው ማሽን ብቻውን ያንን እርከን ሊጨርሰው ጥቂት ነው የሚቀረው፤ ምጣዱና ፍሪጁ ሲጨመሩ ቤቱ ወደ ውዱ እርከን ይሻገራል። «የእኛ አገር መብራት ርካሽ ነው፣ ለጥቂት ዋት ማን ይጨነቃል?» የሚል ሰው ይኖራል። ታሪፉ ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አንስቶ ደረጃ በደረጃ ከፍ እያለ መሆኑ አንድ መልስ ነው፤ ዋናው መልስ ግን ቢል ላይ አይታይም። ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ሆኖም ኃይል ማመንጨት አንድ ነገር ነው፣ በሰፈር ትራንስፎርመርና ሽቦ በኩል ሳይቆራረጥ ቤት ማድረስ ሌላ ነው። በአነስተኛ ዩፒኤስ ውስጥ የተለመደው ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ በወረቀት ላይ የሚይዘው 84 ዋት ሰዓት ነው፤ በተግባር የሚገኘው ከዚህ ያንሳል። 60 ዋት የሚስበው ማሽን በዚህ ባትሪ አንድ ሰዓት ቢቆይ ነው፤ 15 ዋት የሚስበው ግን መብራቱ እስኪመጣ የመድረስ ዕድሉ በእጅጉ የሰፋ ነው።

ደግነቱ ፕሮሰሰሩ ራሱ መቆጠብ ያውቅበታል። ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ በ1996 እ.ኤ.አ. ያወጡት ኤሲፒአይ የተባለው ደንብ ኃይል የመቆጣጠሩን ሥራ ለኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ከሰጠ ወዲህ የቁጠባው መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ፒ-ስቴት ይባላል፤ ሥራ ሲቀል ፍጥነትና ቮልቴጅ አብረው ይወርዳሉ። ለሥራ የሚጠፋው ኃይል ከፍጥነቱና ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ስለሚሄድ፣ ሁለቱም በአንድ አምስተኛ ቢቀንሱ ፍጆታው በግማሽ ገደማ ይወርዳል። ሁለተኛው ሲ-ስቴት ነው፤ ሥራ የሌለው ኮር በደረጃ ይተኛል፣ እንቅልፉ ሲጠልቅም ኃይሉ ጭምር ይቋረጥበታል። ለቤት ሰርቨር የሚጠቅመው በይበልጥ ይህ ሁለተኛው ነው። በፕሮሰሰሩ መግለጫ ላይ የተጻፈው 35 ወይም 65 ዋት ማቀዝቀዣው በሥራ ሰዓት የሚያስወግደው ሙቀት የሚሰላበት ቁጥር እንጂ በእንቅልፍ የሚወሰድ ኃይል ስላልሆነ፣ ለመግዛትም ብቸኛ መመሪያ ሊሆን አይገባም።

ፕሮሰሰሩ መተኛት ይችላል ማለት ግን ተኝቷል ማለት አይደለም፤ ይህን የሚያሳየው ልኬት ብቻ ነው። ሊኑክስ ላይ ፓወርቶፕ የተባለውን ፕሮግራም ከፍቶ የሲ-ስቴቱን ሰንጠረዥ ያየ ሰው፣ ኮሮቹ አብዛኛውን ጊዜ ጥልቅ በሆነው ሲ7 ውስጥ ሆነው ፓኬጁ፣ ማለትም ቺፑ በሙሉ፣ ቀለል ባለው ሲ2 ላይ ተገትሮ ሊያገኘው ይችላል። ተሳፋሪ ሳይኖር ሞተሩን አስነስቶ እንደሚቆም ሚኒባስ ነው። ሰበቡ ብዙውን ጊዜ የኃይል ቁጠባው በባዮስ የተዘጋበት አንድ የኔትወርክ ወይም የሳታ ካርድ ነው፤ እሱ ሲስተካከል ቺፑ ጠለቅ ወዳለ እንቅልፍ ይወርዳል።

«እንቅልፉ ሰርቨሩን ያዘገየዋል» የሚሉ ሰዎች ፕሮሰሰሩን ሁልጊዜ በከፍተኛ ፍጥነት ያስሮጡታል። ኮሩ ለመንቃት የሚፈጅበት ጊዜ ግን በማይክሮ ሰከንድ የሚቆጠር ነው፤ በዋይፋይ ፋይል ለመክፈት ከሚጠፋው ሚሊ ሰከንድ አንጻር ማንም አያስተውለውም። ፍጥነቱን በግድ ዝቅ አድርጎ ማሰርም ትክክል አይደለም፤ ሥራውን ቶሎ ጨርሶ ቶሎ መተኛት ብዙ ጊዜ የተሻለ ይቆጥባል። ክብደት ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ በኢንቴል ቤይ ትሬይል ቺፖች ላይ ሊኑክስ በጥልቅ እንቅልፍ ሳቢያ ድርቅ ይል እንደነበር የታወቀ ነው። ይህ የሚያስተምረው ቁጠባውን መተውን ሳይሆን አንድ ቅንብር ለውጦ፣ ጥቂት ቀን ታዝቦ ወደ ቀጣዩ ማለፍን ነው።

«አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ናት፣ የሙቀት ክትትል ምን ያደርጋል?» ለሚለው ደግሞ መልሱ አየሩ ውስጥ አለ። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየር ግፊቷ ከባሕር ዳርቻ በሩብ ገደማ ያንሳል፤ ያው ፋን በያው ፍጥነት ቢሽከረከር ሙቀት ተሸክሞ የሚወጣው አየር ስስ ነው። የክፍሉ ቅዝቃዜ ይህን ያካክሳል፤ የማቀዝቀዣውን ክንፎች የሚደፍነውን አቧራ ግን አያካክስም። ፕሮሰሰሩ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ስለሚቀንስ፣ ባለቤቱ የሚያየው መዘግየቱን ብቻ ነው። ኤልኤም ሴንሰርስ የተባለው ፕሮግራም የሚያወጣውን የሙቀትና የፋን ፍጥነት በየሳምንቱ መዝግቦ የያዘ ሰው ግን ማሽኑ በእረፍት ሰዓት ከ40 ዲግሪ ወደ 50 ሲወጣ ጽዳት እንደሚያስፈልገው አስቀድሞ ያውቃል። ሃርድ ዲስኩም ስለራሱ ይመሰክራል፤ ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተተኩ ሴክተሮች ቁጥር እየጨመረ ከሄደ፣ ሰነዱን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ለነገ የሚባል አይደለም።

ስለዚህ አዲስ ማሽን ከመግዛት በፊት ያለውን ከሶኬቱ ላይ በዋት መለኪያ መለካት፣ የእንቅልፉን ደረጃ ማየት፣ ባትሪው ሳያልቅ ዩፒኤሱ ሰርቨሩን በሥርዓት እንዲዘጋው ማዘዝ ይቀድማል። ፕሮግራሞቹ በነፃ የሚገኙ ናቸው። የደንበኛን ሰነድ በአደራ የያዘ ሰው ማሽኑ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ማወቅም የአደራው አካል ነው።